አባ መጋረጃ እና የሊሙ ዝናብ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ኦፔራን ጅማ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

እሺ። ያስገቡት ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። እኔ በሩን ከፈትኩላቸው። ግን በሩ ባይከፈት በየት ይገቡ ነበር? ፒያኖ በመስኮት አይገባም። ፒያኖውን ከመኪና ያወረድነው አራት ሰዎች ነን፤ ከአራቱ ያልወደቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ግማሹን አስገብቻለሁ ብል ውሸት አይሆንም። ሩቡን።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ዓይን ያለው ይመልከት፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። የማታ ትምህርት አስተማሪያችን መምህር ቶሎሳ የምስክር ወረቀቴን ሲሰጠኝ «ጋሼ፣ በየቀኑ ካልጻፉ ፊደሉ ይሸሽዎታል» አለኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ልጅ ነው፣ ግን አስተማሪ አስተማሪ ነው። ሁለተኛ ሕግም አለው። ስህተት አይፋቅም። በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክሉ ከስሩ ይጻፋል፤ ስህተቱም ይታይ ይላል። ይህ ሕግ እኔን አይመለከትም። ለሌሎቹ ነው ያወጣው።

ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው ዘይነባ ናት። ዘይነባ ባለቤቴ ናት፤ አንደኝነቱ ከቤት አልወጣም።

ሥራዬ የባህል አዳራሹ ጥበቃ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ትዕይንት ሲኖር መጋረጃውንም የምጎትተው እኔ ነኝ። እኛ አገር ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም፤ አባ እገሌ ይባላል፤ ድሮ በፈረሱ ስም ነበር። እኔ ፈረስ የለኝም። መጋረጃ አለኝ። ስለዚህ አባ መጋረጃ እባላለሁ። እስካሁን እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፣ ግን ስም ቀስ ብሎ ነው የሚለመደው።

አሁን ወደ ዋናው። ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ስንዱ ቢሯቸው አስጠሩኝ። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ናቸው።

«ጋሽ ሻፊ፣ የመድረክ አስተባባሪ ቦታ ተፈቅዶልናል። ማንበብና መጻፍ የሚችል ይላል። እርስዎ አሁን ይችላሉ።»

«ከመቻልም አልፌአለሁ» አልኩ።

«እሱን እናያለን። በዚህ ሳምንት የቡ ከተማ፣ እሁድ ደግሞ ሊሙ ገነት እናሳያለን። ቦታውን፣ መቀመጫውን፣ ማስታወቂያውን እርስዎ ያዘጋጁ። ሊሙ እኔ አልመጣም፣ ስብሰባ አለብኝ። የሆነውን ሁሉ በራስዎ እጅ ጽፈው ሪፖርት ያምጡልኝ። ጥሩ ከሆነ እፈርማለሁ። ካልሆነ ዲፕሎማ ያለው ልጅ ከሌላ ከተማ ይልኩልኛል።»

ዲፕሎማ ያለው ልጅ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዝናብ የቆምኩበትን በር እሱ በዲፕሎማ አልፎ ሊገባ!

የሚያስፈልጉኝ ነገሮች፦
ጠመኔ።
ትልልቅ ወረቀት።
የማይነጥፍ እስክሪብቶ።
ትዕግሥት። (ይህ የዘይነባ ማሳሰቢያ ነው።)

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ኦፔራ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሰው ሁሉን ነገር በዜማ የሚናገርበት ድራማ ነው። ውሃ አምጪልኝ ሲል ይዘፍናል። አላመጣም ስትል ትዘፍናለች። ሲሞትም ይዘፍናል፤ ያውም ረጅሙን። መጀመሪያ ልምምዱን ሳይ «ይህን ያህል ትንፋሽ ያለው ሰው ለምን ይሞታል?» ብዬ ጠየቅኩ። ወይዘሮ ስንዱ እስኪያስላቸው ሳቁና «ይህን ጥያቄ በዓለም ላይ ማንም አልመለሰውም» አሉኝ። ዓለምን ያስቸገረ ጥያቄ እኔ በመጀመሪያው ቀን ጠየቅኩ ማለት ነው።

የእኛው ኦፔራ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ነው፤ እንደ ጅማ ሰው ወሬ። ዳሚቱ የምትባል ልጅ በበቅሎ ቡና የሚጭን ነጋዴ ትወዳለች። አባቷ እንቢ ይላል። ነጋዴው ወደ ቦንጋ ይሄዳል። ታሞ ይመለሳል። ዘፍኖ ይሞታል። ዳሚቱን የምትጫወተው ሔለን ናት፤ ከደሴ መጥታ እዚህ ኮሌጅ የምትማር ቀጭን ልጅ። ድምፅዋ ከየት እንደሚወጣ አላህ ይወቅ። ነጋዴው ጃፋር ነው፤ የጅሬን ልብስ ሰፊ። ሱሪ ሲለካ እንኳ ስለሚያዜም ደንበኛው ቁመቱን ይረሳል።

ዛሬ ሻይ ስናፈላ ወይዘሮ ስንዱን ጠየቅኳቸው። «እርስዎ አይዘፍኑም፣ አይጫወቱም፣ ዜማም አይደርሱም። ሥራዎ ምን ይባላል?»

«ልመና» አሉኝ።

እየሳቁ ነገሩኝ። አዲስ አበባ አንድ ቲያትር ቤት በትኬት ቆራጭነት ጀመሩ። ከዚያ የልብስ ክፍል፣ ከዚያ መድረክ። ከዚያ ውጭ አገር ተላኩና አንድ ትልቅ ኦፔራ ቤት ውስጥ አስተዳደሩን ተማሩ። እዚያ መጋረጃ የሚጎትተው ሰው ሱፍ ይለብሳል አሉ። (ይህን በተለይ አሰመርኩበት።) ሲመለሱ ሥራ ሞልቶላቸው ነበር፤ እሳቸው ጅማን ጠየቁ። ጓደኞቻቸው «ምን አጥፍተሽ ነው?» አሏቸው።

«ለምን ጅማ?» አልኩ።

«አባቴ የጭነት ሾፌር ነበር፤ ከዚህ ቡና ይጭናል። ቤት ሲመጣ የቡና ለቃሚዎቹን ዘፈን ይዞልን ይመጣ ነበር። ግማሹን መንገድ ላይ እየረሳው። የረሳውን ልሰማ መጣሁ።»

ይህን ሲሉ አልሳቁም። እኔም ቀልድ አልጨመርኩም። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አንዴ ነው የሚያጋጥመኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ማስታወቂያ ጻፍኩ። ስድስት ትልልቅ ወረቀት፣ በቀይና በጥቁር። አደባባይ ላይ ስለጥፍ አንድ ባጃጅ ነጂ ቆሞ አነበበውና «ማነው የጻፈው?» አለ። ልቤ ቀጥ አለ። ስህተት አገኘ ብዬ። «ለምን ጠየቅክ?» አልኩት። «ያምራል» አለ። ሦስት ሰፈር በነጻ አደረሰኝ። ከፊደል የመጣልኝ የመጀመሪያ ጥቅም ነው። እንዲህ ከሆነ ለምን ቀድሜ አልተማርኩም?

መቀመጫውን በተመለከተ፦ ወንበር ተከራይቶ ተራራ ላይ ማውጣት የማይሆን ነገር ነው። አሰብኩ። እያንዳንዱ የጅማ ቤት በርጩማ አለው፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር። ማስታወቂያው ላይ «በርጩማችሁን ይዛችሁ ኑ» ብዬ ጨመርኩ። በር ላይ እኔ በጠመኔ ቁጥር እጽፍበታለሁ። ቁጥር አንድ ፊት፣ ቁጥር መቶ ኋላ። ወይዘሮ ስንዱ ሲሰሙ «ውጭ አገር እንኳ ይህን አላሰቡም» አሉ። ማመስገናቸው ይሁን ማሾፋቸው አልለየሁም። ምስጋና ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ዘይነባ መጋረጃውን ጨረሰች። ለጉዞ የሚሆን፣ ከቃጫ ጆንያ የተሰፋ፣ በቀይ ቀለም የተነከረ። ብርሃን እንዳያሳልፍ ከጀርባው ወፍራም ፕላስቲክ ሰፍታበታለች። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ጣቷን ሁለት ጊዜ ወጋች።

«ማሻአላህ፣ መጋረጃዬ!» አልኩ።

«መጋረጃህ?» አለች።

«የምጎትተው ማን ነው?»

«ጎትተህ አትጨርሰው» አለችና መርፌዋን አስቀመጠች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የቡ! አልሃምዱሊላህ!

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አሳየን። ሞላ። ዘጠና ሁለት በርጩማ ቆጠርኩ፤ ዘጠና ሁለቱንም በእጄ ጻፍኩ፤ አርባ ሰባት ላይ ብቻ ሰባቷን ወደ ግራ አዞርኳት፣ ማንም አላየም።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር። እዚያ ሰው ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ማለት ነውር ነው። ሔለን ብቻዋን ቆማ ዓይኗን ጨፍና «ወዴት ሄደ፣ ወዴት ሄደ?» ስትል ከመሃል አንድ አዛውንት «ወደ ቦንጋ ሄዷል፣ ልጄ!» አሉ። ሔለን ዓይኗን ገለጠች። ቀጠለች። «መቼ ይመጣል?» ስትል ደግሞ ሦስት አራት ሰው «ለገበያ ቀን!» «ኧረ ክረምት ሳይገባ!» እየተባባሉ ተከራከሩ። ጃፋር ሲሞት አንዲት እናት ውሃ ይዘው መድረኩ ላይ ወጡ። ጃፋርም ሰው አክባሪ ነው፤ ተነስቶ ጠጣ፣ «ገለቶማ» ብሎ አመሰገነ፣ ተመልሶ ሞተ።

ሔለን መኪናው ውስጥ ልታለቅስ ነበር። «አላመኑኝም ማለት ነው፣ ጋሽ ሻፊ?»

«ልጄ፣ ያላመነ ሰው ውሃ ይዞ ይወጣል?»

ወይዘሮ ስንዱ ከፊት ወንበር ዞር ብለው «ጻፈው የሚባለው ይህ ነው» አሉ። ይኸው ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሊሙ ገነት ገባን። እኔ፣ ዘይነባ (መጋረጃው ቢቀደድ ብላ)፣ ሔለን፣ ጃፋር፣ ስምንት አጃቢ ዘፋኞች፣ አንድ ትንሽ ኦርጋን።

ሌላ ሁሉ ቦታ ጠበበብኝ። አዳራሹ ተይዟል፤ ሜዳው ዳገት ነው፤ ጃፋር ሲሞት ተንከባሎ ወንዝ ይገባል። በመጨረሻ ሐጂ ከማል የቡና ማድረቂያ ግቢያቸውን ሰጡኝ። ሰፊ፣ ደልዳላ፣ በሁለት በኩል የማድረቂያ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ አልጋዎቹ ላይ ቀዩ እሸት ቡና ተዘርግቷል። መሃሉ ባዶ ነው። ውበቱን ብታዩ! ሥዕል ነው። የውጭ አገሩ ኦፔራ ቤት ይህን የመሰለ ግድግዳ የለውም፤ በቃሌ እወራረዳለሁ።

ሐጂ ሰባ ያለፉ ሰው ናቸው። በበትራቸው አልጋዎቹን እየነኩ «ይህ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የሠላሳ ቤት ቡና ነው። ዓመት የሚበላበት ነው። አደራ» አሉኝ።

«አደራ አይወድቅብኝም፣ ሐጂ» አልኩ።

ዘይነባ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

«ቡናው አልጋ ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ ሰው እዚህ ስትጠራ ሰማዩን ጠይቀኸዋል?»

«ኅዳር ነው፣ ዘይነባ። ለሰማዩም ማስታወቂያ ደርሶታል።»

«ማንበብ ይችላል?» አለች።

አፌን የምትዘጋው እሷ ብቻ ናት። ደግነቱ ቶሎ ይከፈታል።

እሁድ፣ ኅዳር 14

መስመሬ ዛሬ ተጣሟል። በደስታ ነው። በጭቃም ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀመርን። መቶ አርባ በርጩማ! ጠመኔ አልቆብኝ መጨረሻዎቹን በከሰል ጻፍኩ። ቁጥር አንድን ለሐጂ ሰጠሁ። ቀዩን መጋረጃ ስጎትት ሕዝቡ ሁሉ «ዋ!» አለ። ይህ «ዋ» ለመጋረጃው ነው፤ ገና ሰው አልወጣም ነበር።

ሰው አዳመጠ። እንደ የቡ ሰው መመለስም ጀመረ። ሔለን አሁን ለምዳለች፤ ጠይቃ ትጠብቃቸዋለች። ጃፋር ከቦንጋ ታሞ ተመለሰ። ሊሞት ሲንበረከክ፣ እዚያው ረጅሙ ዘፈን ላይ፣ ከጅሬኑ ልብስ ሰፊ ደረት እንባ የሚያስመጣ ድምፅ ሲወጣ ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ሮባ! ሮባ!»

ዝናብ ማለት ነው። ቀና አልኩ። ከተራራው ጀርባ ጥቁር ደመና፣ እንደ ሰው እየሮጠ።

መቶ አርባ ሰው ባንዴ ተነሣ። የዓመቱ ቡና አልጋ ላይ ነው፤ ማን ይቀመጣል? በርጩማው ተገለበጠ፣ ነጠላ ወደቀ፣ ግማሹ ወደነዚህ አልጋዎች፣ ግማሹ በየቤቱ ወደ ተሰጣው ቡና ሮጠ። ሐጂ ከማል ቁጥር አንድን ትተው በበትራቸው እየዘለሉ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሲዘል አይቼ አላውቅም።

መድረኩ ላይ ጃፋር በግማሽ ሞቶ ቀረ። ሔለን ፊቷ አመድ መሰለ። ለእሷ፣ ለደሴ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ጥሏት የሸሸ መሰላት። ቡና ምን እንደሆነ ማን ነግሯት? አጃቢዎቹ ዝም አሉ። ኦርጋኑም ዝም አለ። በዚያች ሰዓት ሥራዬ፣ ወረቀቴ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሁሉ አብሮ ሊታጠብ ነበር።

አባ መጋረጃ ግን ዝም አይልም። «ምን ትቆማላችሁ? እየዘፈናችሁ ሸፍኑ!» ብዬ ጮህኩ። ዘልዬ ወረድኩ። ሔለን የአልጋዎቹን መሸፈኛ ፕላስቲክ አንድ ጫፍ ያዘች፣ አንዲት የሊሙ ሴት ሌላውን፤ ሔለን «ወዴት ሄደ?» እያለች ትጎትታለች፣ ሴቲቱ በኦሮምኛ እየመለሰችላት ትዘረጋለች። አጃቢዎቹ ተቀበሉ። ከዚያ የቡና ለቃሚዎቹ ሴቶች የራሳቸውን ዜማ ገቡበት፤ ያለ ልምምድ፣ ያለ ኦርጋን። ጃፋር ከሞት ተነሥቶ ሁለት አልጋ ብቻውን ሸፈነ።

አሥራ አራት አልጋ ነው። ፕላስቲኩ ለአሥራ ሦስት በቃ። የመጨረሻው አልጋ ሳይሸፈን ቀረ፣ የመጀመሪያው ጠብታ ወደቀ። ያን ጊዜ ቀዩን መጋረጃ ከነገመዱ ገንጥዬ አወረድኩት፣ ፕላስቲኩን ወደ ላይ አድርጌ አልጋው ላይ ጣልኩት። ልክ! ተለክቶ የተሰፋ መሰለ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ።

ሐጂ በበትራቸው ተደግፈው እየተነፈሱ «ይህን መጋረጃ የጣለ እጅ ይባረክ!» አሉ።

«አሜን» አልኩ።

ግማሽ ሰዓት ዘነበ። ሁላችንም ከመጋዘኑ ጣራ ስር ተጣበቅን። ሰው አልተበተነም። ወደየቤታቸው የሮጡትም ሸፍነው ተመለሱ፤ በጭቃ እስከ ጉልበት። ሲያባራ በርጩማዎቹን አነሳን። ቁጥሮቼ ሁሉ ታጥበዋል! መቶ አርባ ቁጥር! ሁሉም ያገኘው ላይ ተቀመጠ። አንዲት አሮጊት ብቻ «እኔ ሁለት ቁጥር ነበርኩ» ብለው ጃፋር እግር ስር ገቡ።

ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሰውየው ከሞተበት ይጀመር፤ ቀብሩ ይቀረናል!» አሉ። ያለ መጋረጃ ጨረስነው። ጃፋር ሲሞት ሴቶቹ ዝናቡ ላይ የዘፈኑትን ዜማ መለሱለት። ሔለን እየሳቀች አለቀሰች፣ ወይ እያለቀሰች ሳቀች። ቡናው ደረቅ ነው። አንድ ፍሬ አልረጠበም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሪፖርት። ቀኑን ሙሉ። አራት ገጽ!

ከጆንያ ጭነት ይከብዳል። ጆንያ አንድ ጊዜ ተሸክመህ ታወርደዋለህ፤ ዐረፍተ ነገር ግን አውርጄዋለሁ ስትል ተመልሶ ትከሻህ ላይ ይወጣል። «ግቢ» ላይ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሳልፍቅ ሰረዝኩ። ለኔ የማይሠራው ሕግ ትንሽ ሠራ።

ማታ የፊደል ግድፈት እንድታይልኝ ለዘይነባ ሰጠኋት። አንደኛውን ገጽ አየች፣ ሁለተኛውን አየች። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዝናቡ ያለበት ገጽ ነው።

«ስህተት አለው?» አልኩ።

«ፊደሉ ደህና ነው» አለች።

ሻይ ቀዳችልኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ዘይነባ ስትናገር ችግር የለም፤ ሠላሳ ዓመት ለምጄዋለሁ። ዝም ስትል ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሪፖርቱን አስገባሁ። ወይዘሮ ስንዱ ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ነገ» አሉኝ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ሲገባ ሲወጣ ሰላምታ ረሳሁ። ሔለን መጥታ «ጋሽ ሻፊ፣ ሊሙ መቼ ነው የምንመለሰው? ያንን ዜማ ልማረው» አለችኝ። «ኢንሻአላህ» አልኩ። «እትዬ ዘይነባን ሳልሰናበት መጣሁ፤ ሰላም ይበሉልኝ» ብላ ሄደች።

እሺ አልኩ። ቤት ስገባ ግን ሰላምታውን አላደረስኩም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ከበሩ መከፈት በፊት ደረስኩ። ራሴ ነኝ የምከፍተው፤ ግን ከራሴም በፊት ደረስኩ።

ወይዘሮ ስንዱ ገቡ። ተከትዬ ገባሁ። ሪፖርቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ከጎኑ የሹመት ደብዳቤው፣ ስሜ በትልቁ። ማንበብ ጥሩ ነገር ነው፤ ስምህን ከሩቅ ታየዋለህ። እስክሪብቶው ክዳኑ ወልቋል።

«ጋሽ ሻፊ፣ ሌሊቱን ስስቅ አደርኩ። ሦስተኛዋ ገጽ! እኔ ሃያ ዓመት ይህን ሥራ ስሠራ እንዲህ ያለ አስተባባሪ አላየሁም። መጋረጃ ገንጥሎ ቡና የሚሸፍን! በሉ አሁን...» ብለው እስክሪብቶውን አነሡ።

«ይቆዩኝ» አልኩ።

ማን እንዳለው እንጃ። አፌ ነው ያለው።

«ሪፖርቱን ለአንድ ደቂቃ ይስጡኝ።»

ሰጡኝ። ሦስተኛውን ገጽ ገለጥኩ። አንድ መስመር አሰመርኩ፣ ሳልፍቅ። ከስሩ ጻፍኩ። ቆሜ ስለጻፍኩት ተንጋዷል። መልሼ ሰጠኋቸው፤ የተፈረመ ነገር የለም፣ ደብዳቤው እንዳለ ነው፣ ዲፕሎማ ያለው ልጅ የሆነ ከተማ ሻንጣውን እያዘጋጀ ነው።

አነበቡ። ቀስ ብለው። ቀና አሉ።

«መጀመሪያ ትኬት ስቆርጥ» አሉ «የመጀመሪያው ቀን ሰው አልመጣም። አለቃዬ እንዳያይ ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ የልብስ ክፍሉን ካፖርት ሁሉ ዘረጋሁና ‹ሞልቷል፣ ለሽንት ወጥተው ነው› አልኩት። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እርስዎ በሦስት ቀን ተናገሩ።»

ፈረሙ።

ፈረሙ! አባ መጋረጃ የመድረክ አስተባባሪ! ማኅተሙ ሰማያዊ ነው፣ ትንሽ ጠርዙ ላይ ፈስሷል፣ ምንም አይደለም።

«ግን» አሉ፣ ደብዳቤውን ሳይለቁት፣ «ለሚቀጥለው ጉዞ ወይዘሮ ዘይነባን ይጠይቁልኝ። በአጃቢዎቹ በኩል የሚያዝዝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ቤት ስገባ የሔለንን ሰላምታ አደረስኩ። የወይዘሮ ስንዱን ጥያቄም። ዘይነባ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው፤ ከዚያ «ቶሌ፣ እመጣለሁ» አለች። «መጋረጃውን ግን አንተ ታጥባለህ፤ ሐጂ ከነቡና እድፉ ልከውታል።» ሳቅን። ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅን።

አሁን ይህ ደብተር ቀርቷል። የእሁዱን ገጽ ልቀደው ነበር። መምህር ቶሎሳ ከስሩ ጻፉ ብሏል፤ እዚያ ቦታ የለኝም፣ እዚህ ልጻፈው።

ሌላው ሁሉ እውነት ነው። ደመናው፣ አሥራ አራቱ አልጋዎች፣ የታጠቡት ቁጥሮች፣ ውሃ ያመጡት የየቡዋ እናት ጭምር። አንዱ ብቻ ነው የኔ ፈጠራ። ሰው ሁሉ ሲሮጥ እኔ መጋረጃውን ዘጋሁት። ዘግቼ ከኋላው ገመዱን ይዤ ቆምኩ፤ ምናልባት ሳላይ ቢያልቅ ብዬ። «ምን ትቆማላችሁ? እየዘፈናችሁ ሸፍኑ!» ያለችው ዘይነባ ናት። ሦስት ሳምንት የሰፋችውን መጋረጃ ገንጥላ ያወረደችውም እሷ ናት፤ ሲወርድ ከኋላው እኔ ገመድ ይዤ ታየሁ።

ሐጂ የመረቁት የእሷን እጅ ነው። «አሜን» ያልኩት ግን በእርግጥ እኔ ነኝ።